የሕዝብ ፍርሃትና የአገር ደኅንነት፦ መቼ ነው ፍርሃታችን ልክ የሚሆነው?



የዛሬው ርእስ በመማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በታክሲ ወረፋ፣ በለቅሶ ቤት፣ በቡና ላይም ይነሣል። «አገር አደጋ ላይ ናት» ሲባል አንዱ «ይህ ሁሉ የፖለቲከኞች ፈጠራ ነው» ይላል፤ ሌላው «ጠላት ደጃፋችን ደርሷል» ይላል። ለሁለቱም ምሳሌያዊ አነጋገር አላጣንላቸውም። ፍርሃትን የሚያጣጥለው «እባብ ያየ በልጥ ይደነግጣል» ይላል፤ የሚያስጠነቅቀው ደግሞ «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው። ችግሩ የትኛው ለየትኛው ቀን እንደተነገረ አስቀድሞ ማወቁ ላይ ነው።

በዚህ ምሽት ላስረዳ የምሞክረው ሐሳብ አንድ ነው። ፍርሃት ሁለት ነገር ይነግረናል፤ አንድም ምን ሊመጣ እንደሚችል፣ አንድም ከማን እንደሚመጣ። ስለ ጦር፣ ስለ መሣሪያና ስለ ምሽግ የሚሰማን ፍርሃት ልክም ሆነ ስሕተት ሊመረመር ይችላል፤ የሚፈራው ነገር ይታያል፣ ይቆጠራል። ፍርሃቱ ከድንበር ተነሥቶ ጎረቤታችን ቤት ሲገባ ግን የምንቆጥረው ነገር ይጠፋል። የሰው ልብ አይቆጠርም። ስለዚህ ይህ ሁለተኛው ፍርሃት ከስሕተቱ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

ፍርሃት ለምን ከልኩ ያልፋል?

በመጀመሪያ ፍርሃትን ለሚያጣጥሉት ወገኖች ተገቢውን ክብር ልስጥ። የሥነ ልቡና ተመራማሪዎቹ አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን እ.ኤ.አ. በ1973 እንዳሳዩት፣ ሰው የአንድን ነገር የመከሰት ዕድል የሚገምተው ምሳሌው ምን ያህል ፈጥኖ ወደ አእምሮው እንደሚመጣ በመመልከት ነው። ፖል ስሎቪክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የማናውቀው፣ የማንቆጣጠረውና በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው የሚገድል አደጋ ከቁጥሩ በላይ እንደሚያስፈራን አስረድቷል። በየዓመቱ በመንገዶቻችን ላይ በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን በመኪና አደጋ ይሞታሉ፤ ሆኖም ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ ማናችንም መኪና ለመሳፈር አንንቀጠቀጥም።

ከልኩ ያለፈ ፍርሃት ራሱ ሊገድል እንደሚችልም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 በአሜሪካ በተፈጸመው የሽብር ጥቃት ወደ 3 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። ከዚያ በኋላ ብዙ አሜሪካውያን አውሮፕላን ፈርተው በመኪና ረጅም መንገድ መጓዝ ጀመሩ። ጀርመናዊው ተመራማሪ ጌርድ ጊገሬንትሰር በሠራው ስሌት፣ በቀጣዩ አንድ ዓመት በዚህ ምክንያት በመንገድ ላይ በተጨማሪ የሞቱት 1,500 ያህል ናቸው። እነዚህን ሰዎች ማንም አሸባሪ አልነካቸውም።

ይህን ሰምቶ «እንግዲያውስ ፍርሃት ሁሉ ከንቱ ነው» የሚል ካለ ግን ቸኩሏል። የመኪና አደጋ ዕቅድ አያወጣም፤ ያምናው ቁጥር የዘንድሮውን በግምት ያሳያል። ጠላት ግን ያስባል፣ ይዘጋጃል፣ የተዘናጋንበትን ቀን ይመርጣል። አምና አንድም ጥይት ያልተተኮሰበት ድንበር ዘንድሮ ሊወረር ይችላል። ስለዚህ የአገርን ደኅንነት በሟች ቁጥር ብቻ የሚመዝን ሰውም መሣሪያውን አሳስቶ መርጧል።

የፈሩት ሲደርስ

ለዚህ ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ማስረጃ የለም። ኅዳር 26 ቀን 1927 ዓ.ም. ወልወል ላይ ግጭት በተነሣ ጊዜ ኢትዮጵያ ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር ወሰደች። በዚያ ዓመት የሆነው ሁሉ በግልጽ ይታይ ነበር። የምጽዋ ወደብ ይሰፋ ነበር፤ ከወደቡ ወደ ደጋው መንገድ ይሠራ ነበር፤ የኢጣልያ ወታደርና የጭነት መኪና በስዊዝ ቦይ በኩል በመርከብ ይጎርፍ ነበር። የዐድዋን ሽንፈት የመበቀል ፍላጎትም የተደበቀ አልነበረም። አቅሙ ይቆጠራል፤ ዓላማው ይነገራል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ፍርሃት በማስረጃ የቆመ ነበር። ብሪታንያና ፈረንሳይ ግን ከሁሉ በላይ የሚፈሩት ጀርመንን ስለነበር፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1935 ስትሬዛ ላይ ከኢጣልያ ጋር ያሠሩትን ውል ማፍረስ አልፈለጉም። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን ተሻገረ።

ሁለተኛው ምሳሌ በዕድሜዬ የደረሰ ነው፤ ያኔ ገና ሕፃን ነበርሁ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማልያ መደበኛ ጦር ኦጋዴንን ወረረ። ይህም ድንገተኛ መብረቅ አልነበረም። የሶማልያ ባንዲራ ላይ ያለው ኮከብ አምስቱ ጫፎች ሶማሌዎች የሚኖሩባቸውን አምስት ግዛቶች እንደሚወክሉ፣ ከእነርሱም አንዱ ኦጋዴን እንደሆነ ዓለም ያውቅ ነበር። ጦሩን ሶቪየት ኅብረት ለዓመታት አስታጥቃዋለች። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች፤ ነጻ የወጣችው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው፤ ያውም ከ15 ሺህ በላይ የኩባ ወታደሮች ከጎናችን ተሰልፈው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እለምናለሁ። ያ የወረራ ዓመት የቀይ ሽብርም ዓመት ነበር። ጦሩ ከምሥራቅ እየመጣ ሳለ በከተሞቻችን የሚታደነው «አናርኪስት» እና «አምስተኛ ረድፈኛ» የተባለ ወጣት ነበር። በከተማ ሰው የሚገድል ታጣቂ አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ነገር ግን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት ሟቾች እያንዳንዳቸው በማስረጃ የተመረመሩ አልነበሩም። በአንድ ዓመት፣ በአንድ አገር፣ የመጀመሪያው ፍርሃት ልክ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ልጆቻችንን በላ።

ሚሳኤል ይቆጠራል

ስለ ውጭ ጠላት የሚሰማን ፍርሃት ሁሉ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ካመጠቀች በኋላ አሜሪካውያን «በሚሳኤል ተበልጠናል» የሚል ፍርሃት ያዛቸው። ጋዜጦች ጻፉ፤ ጄኔራሎች ተናገሩ፤ ጆን ኬኔዲ በ1960 ምርጫ ተከራከሩበት። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሶቪየቶች በመቶዎች የሚቆጠሩ አህጉር አቋራጭ ሚሳኤሎች ይኖሯቸዋል የሚል ግምት ነበር።

ፍርሃቱን ያረመው ስብከት አልነበረም፤ ቆጠራ ነው። ከነሐሴ 1960 ጀምሮ ኮሮና የተባለው የስለላ ሳተላይት የሶቪየትን ምድር ፎቶግራፍ ማንሣት ቻለ። በመስከረም 1961 የአሜሪካ የስለላ ተቋማት ግምት ከ10 እስከ 25 የሚሆኑ ማስወንጨፊያዎች ወደሚል ወረደ፤ በኋላ እንደታወቀው ይህም ቢሆን የበዛ ነበር። በእርግጥ የበለጠችው አሜሪካ ነበረች። ፍርሃቱ ስሕተት ነበር፤ ግን ሊታረም የሚችል ስሕተት ነበር፤ ምክንያቱም ሚሳኤል ወይ አለ ወይ የለም።

ሰውስ እንዴት ይቆጠራል?

አሁን ወደ ሁለተኛው ዓይነት ፍርሃት ልሻገር። ጃፓን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 7 ቀን 1941 በሃዋይ የሚገኘውን ፐርል ሃርበርን ደበደበች። ፍርሃቱ እውነተኛ መሠረት ነበረው፤ መርከቦቹ በእርግጥ ሰጥመዋል። ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት በአሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚኖሩ ወደ 120 ሺህ የሚጠጉ የጃፓን ዝርያ ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነቅለው በካምፕ ታጎሩ። ከሦስቱ ሁለቱ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ።

የአካባቢው የጦር አዛዥ ጄኔራል ጆን ዴዊት ያቀረቡትን መከራከሪያ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አነሣለሁ። እስካሁን ምንም የአሻጥር ድርጊት አለመፈጸሙ፣ በአንድ ላይ ተቀናጅተው ጊዜ እየጠበቁ ለመሆናቸው ምልክት ነው የሚል ነበር። እስቲ አስቡት፤ አንድ ሰው አሻጥር ቢሠራ ጠላት ነው፤ ባይሠራም ጠላት ነው። ንጹሕ መሆኑን የሚያሳይበት ምን ቀረው? በአገራችን «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አይጠፋም ስንጥር» ይባላል። አባባሉ ለጥንቃቄ ጥሩ ነው። ነገር ግን ስንጥሩን አጥቶ ገንፎውን የሚደፋ ሰው ጥንቃቄ ሳይሆን ረኀብ ነው የሚተርፈው።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ እውነት አለ። የተደበደበችው ሃዋይ ናት። ከሃዋይ ሕዝብ ከሦስት አንዱ በላይ የጃፓን ዝርያ ነበረው። እዚያ ግን የጅምላ እስር አልተፈጸመም፤ የተያዙት በግል የተጠረጠሩ ጥቂቶች ነበሩ። ያን ሁሉ ሕዝብ ማሰር የደሴቶቹን ሥራ ማቆም ነበርና። ቦምቡ በወደቀበት ቦታ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ኖረ፤ ቦምቡ ካልወደቀበት ከምዕራቡ ዳርቻ ሕዝብ ተጋዘ። ታዲያ እስሩን ያመጣው የአደጋው ቅርበት ነው ማለት እንችላለን? አንችልም። ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ ኮሚሽን በ1983 እንዳረጋገጠው፣ በምዕራቡ ዳርቻ ይኖሩ ከነበሩት መካከል ስለላ ወይም አሻጥር የፈጸመ አንድም ሰው በማስረጃ አልተገኘም። በ1988 መንግሥቱ በሕግ ይቅርታ ጠይቆ በሕይወት ላሉት ለእያንዳንዳቸው 20 ሺህ ዶላር ካሣ ወሰነ። ይቅርታው 46 ዓመት ዘግይቷል።

ይኸው የዴዊት አመክንዮ በ2003 ተመልሶ መጣ። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪዎች በሃንስ ብሊክስ መሪነት ኢራቅ ውስጥ ከጦርነቱ በፊት 700 ያህል ፍተሻዎች አካሂደው የተከማቸ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላገኙም። ለብዙዎች ግን አለመገኘቱ የመደበቁ ማስረጃ ሆነ። አገሪቱ ተወረረች፤ በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ የራሷ መርማሪ ቡድን ክምችቱ እንዳልነበረ አረጋገጠ። የሚቆጠረውም ነገር እንኳ፣ ቆጠራውን ላለመቀበል የወሰነ ሰው ፊት ዋጋ የለውም።

1990 ዓ.ም.

የሌላውን አገር ስሕተት መዘርዘር ቀላል ነው። ስለዚህ ወደ ራሴ ልመለስ።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲጀመር እኔ ወጣት መምህር ነበርሁ። በግቢያችን ማዶ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አንድ ሰው ይኖሩ ነበር፤ ስማቸውን አልጠራም። አሥመራ ተወልደው በልጅነታቸው የመጡ፣ ከእኛ ዘንድ አግብተው የወለዱ፣ በዕድራችን ድንኳን ሲተከል ገመድ የሚወጥሩ ጎረቤት ነበሩ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ንጋት ላይ ተወሰዱ፤ ከዚያም በአውቶቡስ ወደ ድንበር ተጓዙ። ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ቀሩ።

በዚያ ቀን ለእናቴ የተናገርሁትን አልረሳውም። «እማዬ፣ መቼም በባዶ አይወስዷቸውም፤ አንድ ነገር ቢገኝባቸው ነው» አልኋት። እናቴ ማንበብና መጻፍ አትችልም ነበር። ቡናዋን እየቆላች፣ ቀና ሳትል፣ «አንተ ልጅ፣ ሰውዬው ከሬዲዮ በቀር የከፈቱት ነገር አለ?» አለችኝ። እኔ በዚያን ጊዜ የምርምር ዘዴ ኮርስ አስተምር ነበር። ማስረጃ የጠየቀችው ግን እርሷ ናት።

ጦርነቱ እውነት ነበር። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በሁለቱም ወገን አልቀዋል፤ ድንበሩን የፈራ አልተሳሳተም። በዚያው ፍርሃት ግን የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች 75 ሺህ ገደማ የሚገምቷቸው የኤርትራ ተወላጆች ከኢትዮጵያ ተባረሩ። ለብዙዎቹ ማስረጃ ሆኖ የተቆጠረው በ1985 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ላይ ድምፅ መስጠታቸው ነው። ኤርትራ ውስጥ ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ታስረዋል፣ ተንገላተዋል፣ ንብረታቸውን ጥለው ወጥተዋል። ፍርሃት በሁለቱም የድንበር ወገን አንድ ቋንቋ ይናገር ነበር።

ከአልጀርስ ስምምነት በኋላ የተቋቋመው የካሣ ጉዳዮች ኮሚሽን በታኅሣሥ 1997 ዓ.ም. የሰጠውን ውሳኔ ተማሪዎቼ እንዲያነቡት እመክራለሁ። ኮሚሽኑ ኢትዮጵያ በጦርነት ጊዜ በሥርዓት ተጣርተው የደኅንነት ሥጋት የተባሉ የሁለት አገር ዜግነት ያላቸውን ሰዎች የማባረር መብት አላት አለ። ሳይጣራ የተባረሩትንና ዜግነታቸውን በዘፈቀደ የተነጠቁትን በተመለከተ ግን ተጠያቂ አደረጋት። ኤርትራንም በኢትዮጵያውያን ላይ ስለፈጸመችው በደል ተጠያቂ አደረገ። የውሳኔው ፍሬ ነገር «መፍራት አይገባችሁም ነበር» የሚል አይደለም። «የፈራችሁትን ሰው አንድ በአንድ መመርመር ነበረባችሁ» የሚል ነው።

ስለ ቅርቡ ዘመን ብዙ አልልም፤ ቁስሉ ገና አልጠገገም። በ2014 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በአዲስ አበባ የሚፈጸመው እስር ማንነትን መሠረት ያደረገ እንደሚመስል ሥጋቱን መግለጹን ግን ማስታወስ ይገባል። እናቴ የጠየቀችው ጥያቄ ያረጀ ጥያቄ አይደለም።

ሦስት ጥያቄዎች

ታዲያ «አገር አደጋ ላይ ናት» የሚል ወሬ ሲደርሰን ምን እናድርግ? እያንዳንዱ ዜጋ የስለላ ሳተላይት የለውም። ጥያቄ ግን አለው። እኔ ሦስቱን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው «የሚታይ አቅምና የሚታይ ዓላማ አለ ወይ?» የሚል ነው። በ1927 ሁለቱም ነበሩ፤ በ1969ም ነበሩ። ጦር ያለ ዓላማ፣ ወይም ፉከራ ያለ ጦር ከሆነ ግን መጠንቀቅ እንጂ መሸበር አይገባም።

ሁለተኛው «ሐሳቤን የሚያስቀይረኝ ማስረጃ ምንድን ነው?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ መመለስ የማይችል ፍርሃት እምነት ሆኗል ማለት ነው። «ምንም ባይገኝበትም ጠላት ነው» ሲባል ከሰማችሁ፣ ተናጋሪው ማንም ይሁን ማን፣ ስለ አደጋው የሚያውቀው ነገር አልቋል።

ሦስተኛው «የሚወሰደው እርምጃ የሚያርፈው በማን ላይ ነው?» የሚል ነው። እርምጃው ምሽግ ከሆነ፣ ኬላ ከሆነ፣ በስም የተጠራ ተጠርጣሪን ፍርድ ቤት ማቅረብ ከሆነ፣ የአገር ጥበቃ ነው። በቋንቋው፣ በስሙ ወይም በትውልድ ቦታው በጅምላ የተመረጠ ሕዝብ ላይ የሚያርፍ ከሆነ ግን፣ ድንበር ላይ ያለው ጠላት በዚህ አንድም ወታደር አልጎደለበትም። እኛ ግን ጎረቤት ጎድሎብናል።

ወደ ርእሴ ጥያቄ ስመለስ መልሴ ይህ ነው። የሕዝብን ፍርሃት አልንቅም፤ ንቀው የተወረሩ አሉ። ሕዝብ ስለ አገሩ መፍራቱ አገር እንዳለው የማወቁ ምልክት ነው። ነገር ግን ፍርሃት ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክር ይሰማል፣ ይጠየቃል፣ ይመረመራል፤ ፍርድ ግን አይሰጥም።

የዚያ ጎረቤታችን ልጆች በ2010 ዓ.ም. በረራው ሲከፈት አሥመራ ሄደው ነበር። አባታቸው አልቆዩም፤ ያገኙት መቃብራቸውን ነው። ከሱቃቸው የቀረ አንድ ሬዲዮ እኛ ቤት አለ፤ በአደራ ትተውት የነበረ ነው። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ለማንም አልሰጠችውም፤ «ባለቤቱ ሲመጣ ይወስደዋል» ትል ነበር። ልጆቹ ከአሥመራ ሲመለሱ ይዤላቸው ሄድሁ። «እርስዎ ያቆዩት፤ አባታችን ያስቀመጡት እዚያ ነው» ብለው መለሱልኝ። አሁንም በመጻሕፍቴ መደርደሪያ ላይ አለ። የምጽፈውን ነገር ሁሉ ማስረጃውን የምጠይቀው እርሱን እያየሁ ነው።

 የቀረው ጊዜ ለጥያቄያችሁ ነው፤ በተለይም ከእኔ ጋር ለማትስማሙ።